ጠያቂ ሙዝ ይዞ ሲመጣ
የኩላሊት ንቅለ ተከላ እየጠበቃችሁ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሆስፒታል ለምትመላለሱ፦ ጠያቂ የሚያመጣውን ሙዝና የብርቱካን ጭማቂ፣ ሐኪማችሁ ካልፈቀደ በቀር፣ ለአስታማሚው ስጡት። ፖታሲየም ይበዛባቸዋል። የደከመ ኩላሊት በደንብ አያስወጣውም፤ ሲጠራቀም የልብ ምት ያዛባል። የመንዝ ዘመድ ደግሞ ያመጣው ሲመለስበት ቅር ይለዋል። ስለዚህ ቀድማችሁ ደውሉና «እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ባይሆን ለትራንስፖርት ያግዙኝ» በሉ። ነውር የለውም።

ፊስቱላ (ለኩላሊት እጥበት ተብሎ በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር) ባለበት ክንድ ደም እንዳይቀዳ፣ ግፊትም እንዳይለካ ተረኛ ነርስ በተቀየረ ቁጥር ተናገሩ።

ቦርሳችሁም ሁሌ የተዘጋጀ ይሁን። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የረሳችሁትን የላብራቶሪ ውጤት ወይም የመድኃኒት ዝርዝር ሮጦ የሚያመጣ አይገኝም። ጋቢም ጨምሩበት።