የአልጋ ቁስል በጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ ስለሚሰጠው ጎኑ ሲቆረቁረው አይገላበጥም፣ ሲያመውም አይናገርም። የአልጋ ቁስልን ቀድሞ ሊደርስበት የሚችለው የሚያገላብጠው ሰው ነው፤ ለዚያውም ከዓይኑ ይልቅ በእጁ።

ችግር፦ በጅራት አጥንት ላይ ያለው ቆዳ በዙሪያው ካለው ቆዳ የተለየ ሆኗል።

የተለመደው ምክር ቅላት መፈለግ፣ ከዚያም በጣት ተጭኖ ይነጣ እንደሆነ ማየት ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱም መንጣቱም ላይታይ ስለሚችል፣ ዓይኑን ብቻ ያመነ ባለሙያ ቁስሉን የሚያውቀው ቆዳው ከተከፈተ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ እጅን በአጥንቱ ላይ፣ ቀጥሎም ከጎኑ ባለው ጤነኛ ቆዳ ላይ አሳርፎ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ቦታው ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ከጠጠረ ወይም ከላላ ጉዳቱ ጀምሯል።

መንስኤው ሥጋው በአጥንትና በፍራሽ መካከል ተጨፍልቆ ደም ማጣቱ ነው። የደም ግፊት ሲወርድ፣ እንደ ኖርአድሬናሊን ያሉ የደም ግፊት ከፍ የሚያደርጉ መድኃኒቶችም የቆዳን የደም ሥሮች ሲያጠቡ ጉዳቱ ይፈጥናል።

መፍትሄው ሕመምተኛውን ከዚያ ጎን ማንሳት ነው። በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ የተለመደ መነሻ ቢሆንም፣ በሚቀጥለው ዙር ምልክቱ ካልጠፋ ጊዜው ማጠር አለበት። ጀርባውን በትራስ ደግፎ ወደ 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃል፤ ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት ክብደቱን ወደ ዳሌ አጥንት ያዛውረዋል። ሲገላበጥ የደም ግፊቱ የሚወርድበት ሕመምተኛ ቀስ እያለ በጥቂት በጥቂቱ ይንቀሳቀስ እንጂ ጭራሽ አይተው። አስታማሚዎች በቅንነት የሚያደርጉት በቅባት ማሸትም የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋልና በትሕትና ይከልከል።

ችግር፦ ሕመምተኛው ወደ እግርጌ እየተንሸራተተ መቀመጫው ተልጧል።

ምራቅና የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይደረጋል፤ ነገር ግን አጥንቱ ወደ ታች ሲወርድ ቆዳው ከአንሶላው ጋር ተይዞ ስለሚቀር ውስጡ ይቀደዳል። ለቆዳው ሲባል ሳንባውን ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም፤ ይልቅ መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ራስጌውን ከፍ ማድረግ፣ ወደ ላይ ሲመለስም ሁለት ሆኖ በአንሶላ ማንሳት እንጂ አለመጎተት ነው።

ችግር፦ ከንፈር፣ የአፍንጫ ድልድይ ወይም የጆሮ ጀርባ ቆስሏል።

መንስኤው የመተንፈሻ ቱቦው፣ ጭምብሉ ወይም ማሰሪያው ነው። የአፍ ቱቦውን ጥልቀቱን ጠብቆ ከአንዱ የከንፈር ጥግ ወደ ሌላው ማዛወር፣ በጭምብሉ ሥር ስስ መከላከያ ማድረግ፣ ከሥሩ ያለውንም ቆዳ በየፈረቃው ማየት ይገባል።

ችግር፦ ተረከዝ ጠቁሯል ወይም ውሃ ቋጥሯል።

ተረከዝ በአጥንቱ ላይ ያለው ሥጋ ትንሽ በመሆኑ ቶሎ ይጎዳል። ውሃ የተሞላ ጓንት ከሥሩ ማድረግ ተረከዙን ከጫና አያላቅቀውም፤ ትራሱ በባት ሥር በርዝመቱ ገብቶ ተረከዙ ምንም ሳይነካ መንሳፈፍ አለበት። የጠቆረው ቅርፊት ደረቅ ከሆነ፣ በዙሪያውም እብጠት ወይም መግል ከሌለ አይነሳም፤ ከረጠበ ወይም ከሸተተ ግን ሐኪም በዚያው ቀን ሊያየው ይገባል።