ከአደጋ የተረፈ ሰው ቤት ሲገባ አስታማሚ ምን ያድርግ?

ታናሽ ወንድሜ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሲመጣ ደንገጎ ላይ መኪናው ተገልብጦ ጭኑ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሳቢያን ወዳለው ቤታችን ሲመለስ ሐሳባችን ሁሉ እግሩ ላይ ነበር። ሌሊት እየባነነ ሲጮህ “ሙቀቱ ነው” አልን። ያኔ ባውቅ ኖሮ የማደርገውን ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። አደጋው የደረሰበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነን፣ መደንገጥና ማልቀስ ያለ ነው። አብዛኛው ሰው ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ከ1 ወር በላይ ቆይቶ ኑሮውን ካወከው ግን ሐኪሞች ፒቲኤስዲ የሚሉት፣ ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። በደብተሩ ላይ ያያችሁትን መዝግቡ፦ አደጋው በቀን እንኳ ዓይኑ ላይ ይመጣበታል? በር ድው ሲል ይበረግጋል? ከሚወዳቸው ሰዎች ይሸሻል? በትንሽ በትልቁ ይቆጣል? የቁስሉ ትልቅነት መለኪያ አይደለም። ቀላል ጉዳት የደረሰበትም ሰው በብርቱ ሊታመም ይችላል።

ቀጥሎ ጠያቂውን ያዙ። ጠያቂ በረከት ነው፤ ግን የመጣው ሁሉ “እስቲ ከመጀመሪያው ንገረን” ይላል። ወንድሜ በአንድ ቀን አምስቴ ተናግሮ ማታ ምግብ አልበላም። ስለዚህ ከቤተሰብ አንድ ሰው በር ላይ ይቀበልና ነገሩን በአጭሩ ይንገራቸው። እሱ ራሱ ማውራት ሲፈልግ ደግሞ “ተወው፣ እርሳው” አትበሉት። ዝም ብላችሁ ስሙት። “ወንድ አይደለህ እንዴ?” የሚለው ቃል ከቤታችሁ ይጥፋ።

ስለ እንቅልፍ ላንሳ፣ እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት ሠርተናልና። ጓደኞቹ ሊያጫውቱት ለበርጫ ይመጡ ነበር። “ሲመረቅን ይረሳዋል” አሉን፤ እኛም አመንን። ጫት አነቃቂ ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል። በድንጋጤ ላይ ላለ ሰውነት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። “ለእንቅልፍ” ተብሎ የሚጠጣ መጠጥም እንዲሁ ነገሩን ያባብሳል። ዲያዚፓምን የመሰለ ማረጋጊያም በራሳችሁ አትስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂዎች በመጀመሪያው ወር ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት እንዳይሰጥ መክሯል።

ከዚያ ወደ መንገድ መመለስ ይመጣል። ወንድሜ ባጃጅ ላለመሳፈር በክራንች ፀሐይ ላይ ይሄድ ነበር። በሸሸ ቁጥር ፍርሃቱ ይገንናል። ግን በግድ አትጫኑት። መጀመሪያ በር ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ተቀመጡ። ፍርሃቱ ጋብ እስኪል ቆዩ፤ ሲብስ ዘሎ ከወረደ ሰውነቱ “ያዳነኝ መሸሼ ነው” ብሎ ይማራል። በሌላ ቀን እስከ ሰፈሩ ጫፍ፣ ከዚያ እስከ ከዚራ። ሲጸና ብቻውን ይሞክር። በጣም ከከበደው ይህን ከባለሙያ ጋር ማድረግ ይሻላል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ደብተሩን ያዙ። የአጥንት ሐኪሙ ስለ እግሩ ይጠይቃል እንጂ ስለ ሌሊቱ ላይጠይቅ ይችላል። እናንተ ንገሩት፤ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲልካችሁም ጠይቁ። በአደጋው ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና አለ፤ አስፈላጊ ሲሆን መድኃኒትም ይታዘዛል። ጸበሉም ዱዓውም ጎን ለጎን ይቀጥል፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። መሞትን ካነሳ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ከድሬ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የምትሄዱ ከሆነ መንገዱ በደንገጎ ነው። ወንድሜ ሁለት ቀጠሮ አስተላልፎ ነበር፤ እኛ ስንፍና መስሎን ተቆጣነው። በሦስተኛው አብሬው ሄድኩ። የት እንደሚቀመጥ ራሱ መረጠ፤ ሾፌሩን ቀስ ብሎ እንዲነዳ ለመንነው። ኩርባው ላይ እጄን ጨምቆ ያዘኝ፤ እስክንደርስ አልለቀቀኝም።