ፍሪጅና ምጣድ ሲበላሹ ጉዳያችንን የሚያከሽፉ ስህተቶች

ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የገዛነው ፍሪጅ ቤታችን በገባ በዘጠነኛው ቀን ማቀዝቀዝ አቆመ። ሻጩ ወደ አስመጪው፣ አስመጪው ወደ ጥገና ክፍሉ፣ የጥገና ክፍሉም መልሶ ወደ ሻጩ ሲልከን ሁለት ወር ያህል አለፈ፤ በመጨረሻ ገንዘባችንም ሳይመለስ፣ ፍሪጁም ሳይለወጥ በራሳችን ወጪ አስጠገንነው። መበደላችንን ዛሬም አምናለሁ። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የዘመዶቼንና የጎረቤቶቼን ተመሳሳይ አቤቱታ በቅርብ ስከታተል፣ በሻጩ ጥፋት ላይ የገዢው ስህተት እየተደረበ፣ ሊረታ የሚችል ጉዳይ ሲከሽፍ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚፈጸመው ገና በግዢው ዕለት ነው። «ያለ ደረሰኝ ከወሰዱት እቀንስልዎታለሁ» የሚለውን ግብዣ ያልሰማ ሸማች ያለ አይመስለኝም። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ በመሆኑ፣ ከታክሱ በፊት 60,000 ብር በሚያወጣ ፍሪጅ ላይ የሚቀረው ገንዘብ 9,000 ብር ነው፤ ይህ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ገዢው በዚያ ገንዘብ ምትክ አሳልፎ የሚሰጠው፣ ዕቃውን ከዚያ ሱቅ ስለ መግዛቱ ያለውን ዋና ማስረጃ ነው። ደረሰኝ ተቀብሎ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ እንዲጻፍ መስማማትም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ገንዘብ ይመለስ የሚባልበት ቀን ሲመጣ ሻጩ የሚያውቀው ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ዋጋ ብቻ ነው። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ሞዴልና መለያ ቁጥር እንዲጻፍ መጠየቅ፣ የዋስትና ካርዱም በዕለቱ ቀን ተጽፎበት ማኅተም እንዲያርፍበት ማድረግ ያስፈልጋል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያወጣው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ከወራት በኋላ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ያኔውኑ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት ዕቃውን በካርቶኑ እንደታሸገ ማስቀመጥ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ደርሷቸው መብራት እስኪገባ ድረስ ምድጃና ፍሪጅ አስቀድመው የሚገዙ፣ ለልጃቸው ሠርግ ዕቃ የሚያጠራቅሙ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ለሸማቹ የበለጠ የሚጠቅም ዋስትና ወይም ውል መኖሩ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ካርቶኑ ጥግ ላይ ቆሞ 15 ቀን ሲያልፍ፣ ከተሰጡን መብቶች ሁሉ ጠንካራው ዕቃው ሳይከፈት ያልፋል ማለት ነው። መብራት የሌለው ሰው ግዢውን ቢያዘገይ ይሻላል፤ ካልሆነም ዕቃውን ዘመድ ቤት ወስዶ መሞከር ይኖርበታል። ፍሪጅ በመኪና ተጭኖ ሲመጣ በተለይ ጋድሞ ከነበረ፣ የኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ከመሰካቱ በፊት ለሰዓታት ቀጥ ብሎ መቆም እንዳለበት ግን አይዘንጋ።

ሦስተኛው «የ10 ዓመት ዋስትና» የሚለውን ቃል እንደ ወረደ ማመን ነው። ብዙ ጊዜ አሥር ዓመቱ ለኮምፕረሰሩ ብቻ የተሰጠ ሲሆን፣ ጋዙ፣ ቴርሞስታቱ፣ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱና የባለሙያው የእጅ ዋጋ ግን በዚያ ውስጥ ላይካተቱ ይችላሉ። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ካርዱን ማንበብ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ግን ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሻጭና ገዢ አብዝተው የሚካሰሱት በዚህ ነው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው (ኸርዝ የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው)። አንድ 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በዚህ ቮልቴጅ ወደ 16 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም አንድ መደበኛ የግድግዳ ሶኬት ሊሸከም ከሚችለው ጫፍ ላይ ያለ ነው። ምጣዱን ቀጭን ሽቦ ባለው ማራዘሚያ፣ ያውም ከፍሪጅና ከውሃ ማፍያ ጋር አንድ ላይ የሰካ ሰው፣ ሶኬቱ ሲቀልጥ ምጣዱን ቢወቅስ ፍትሐዊ አይሆንም። ለምጣድ ከብሬከሩ በወፍራም ሽቦ የተለየ መስመር ማዘርጋት ይገባል።

ከዚህ በበለጠ የሚያሳስተን ደግሞ የቮልቴጅ መውረድ ነው። የምጣድ ሙቀት የሚቀንሰው ቮልቴጁ በቀነሰበት ልክ ሳይሆን ከዚያ በባሰ ሁኔታ ነው፤ 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ከመደበኛው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። በበዓል ዋዜማ ሠፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ እንጀራው ዓይን አላወጣ ብሎ የሚነጣው፣ የምጣዱ ሬዚስታንስ (የሚሞቀው ሽቦ) ምንም ሳይሆን በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት፣ ምጣዱ በርቶ ሳለ የመስመሩን ቮልቴጅ በመለኪያ ማስለካትና ውጤቱን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። መስመሩ ደህና ሆኖ ከተገኘ፣ ሻጩ ቀድሞ የሚመዛትን «መብራታችሁ ነው ያበላሸው» የምትል መልስ ከወዲሁ ዘግታችሁበታል ማለት ነው። ፍሪጅን የሚጎዳው ደግሞ መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት ሳይረጋ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት መታገሉ ነው። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አዘግይቶ የሚያበራና የፍሪጁን የመነሻ ኃይል የሚችል ስታቢላይዘር፣ ማለትም የቮልቴጅ ማስተካከያ፣ መግዛት ይበጃል። በዚያው ስታቢላይዘር ላይ ምጣድ መሰካት ግን ሁለቱንም ማጣት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዕቃም የራሱ ስህተት አለው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ጁስ መፍጫ የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ በመሆኑም አንዳንድ ሞተሮች ዝግ ብለው ይዞራሉ፣ ይሞቃሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣ ፍሪጅም፣ በዚያ አገር መስመሩ 60 ኸርዝ በመሆኑ፣ ጀርባው ላይ «50/60» የሚል ጽሑፍ እንዳለው ሳይታይ መጫን የለበትም። ብዙ ጊዜ ዋስትናውም ዕቃው በተሸጠበት አገር ይቀራል።

ዕቃው ከተበላሸ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ስህተት የሠፈር ባለሙያ ጠርቶ ማስከፈት ነው። የእነዚህን ባለሙያዎች ችሎታ አቃልዬ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከሱቁ ሠራተኛ የተሻለ ያውቃሉ። ነገር ግን ማሸጊያው ከተነካ ሻጩ «ሰው ነካክቶታል» ብሎ በሩን ይዘጋል። ዋስትናው እስካለ ድረስ ዕቃውን ነቅሎ፣ የሚታየውን ችግር በቪዲዮ ቀርጾ፣ ለሻጩ ማሳወቅ ይቀድማል።

ማሳወቅ ሲባል ደግሞ በስልክ መደወል ብቻ ማለት አይደለም። እኛ የተሸነፍነው እዚህ ላይ ነበር። «ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «መለዋወጫው ጉምሩክ ደርሷል»፣ «ሰኞ ይደውሉ» እየተባልን ስንደውል ከረምን፤ የደወልንበትን ቀንና ያነጋገርነውን ሰው ስም ግን በየትም አልመዘገብንም። ትክክለኛው መንገድ ቀን፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ጉድለቱንና የምንፈልገውን መፍትሔ በአጭሩ የያዘ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ፣ አንደኛውን ሰጥቶ ሌላኛው ላይ ስለ መቀበላቸው ማስፈረም ነው። አልፈርምም ካሉ ያንኑ ጽሑፍ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት መላክ ቢያንስ ቀኑን ያስቀራል። ዕቃው ለጥገና ሲሰጥም ያለበትን ሁኔታና የሚመለስበትን ቀን የሚገልጽ መረከቢያ ሳይቀበሉ ከጥገና ክፍሉ መውጣት አይገባም። መደርደሪያው ጀርባ ባለችው ወጣት ሠራተኛ ላይ መጮህም ተገቢ አይደለም፤ ዕቃ የመለወጥ ሥልጣን ስለሌላት፣ ሥራ አስኪያጁን መጠየቅ ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ እንደ ሕግ ቆጥሮ መመለስ ስህተት ነው። ሻጭ የለጠፈው ወረቀት አዋጅ የሰጠውን መብት አይሽርም። በአዲስ አበባ ያለ ሸማች አቤቱታውን ለክፍለ ከተማው ወይም ለከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይችላል፤ በፌዴራል ደረጃም የቀድሞው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፏል። እኛም ዘግይተን እንዲህ ያለ ቢሮ ሄደን ነበር። የተቀበሉን ባለሙያ በትሕትና አዳምጠውን ሲያበቁ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጉድለቱን ለሻጩ በጽሑፍ ያሳወቃችሁት በስንተኛው ቀን ነው?» ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፍታ የደበዘዘውን ደረሰኝ አወጣች፤ ሌላ የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም።