ሙዝና አቮካዶ ስናበስል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሆርሞን ሲባል ብዙ ሰው የሰውና የከብት ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል፣ ተክልም እኮ አለው፣ አንደኛው እንደውም ጋዝ ነው፣ ኤቲሊን ይባላል። ሙዙ ራሱ ነው የሚያመርተው፣ ሲበስል የሚለቀው ይጨምራል፣ አጠገቡ ያለውም ጥሬ ያንን ጋዝ ሲያገኝ መብሰል ይጀምርና እሱም በተራው ይለቃል። ስታርቹ ወደ ስኳር የሚቀየረው፣ የሚለሰልሰው፣ አረንጓዴው የሚጠፋው በዚህ ነው።

በጣም የማየው ስህተት ጥሬውን ቀጥታ ፍሪጅ መክተት ነው። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ብርድ ይመታዋል፣ ልጣጩ ይጠቁራል ውስጡ ግን ጥሬ እንደሆነ ይቀራል፣ አውጥታችሁ ብታስቀምጡትም እንደነገሩ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ውጪ ይብሰል። አቮካዶም ከበሰለ በኋላ ነው ፍሪጅ የሚገባው፣ ያኔ የተወሰነ ቀን ያቆያል።

ሁለተኛው ፌስታል ውስጥ ጥብቅ አርጎ ማሰር። ጋዙ እንዲታፈን መፈለጋችን ልክ ነው፣ ግን ፍሬው ይተነፍሳል፣ ኤቲሊኑን ለመስራትም ኦክስጅን የግድ ነው፣ ፌስታሉ ውስጥ ደግሞ ላቡ ይጠራቀምና ይሻግታል (እኔ አምስት አቮካዶ እንደዚህ አበላሽቻለሁ፣ ያውም እንግዳ ጠርቼ)። የወረቀት ከረጢት ወይ ጋዜጣ በቂ ነው፣ አንድ በደንብ የበሰለ ሙዝ ወይ ፖም አብሮ ይግባ።

ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ወይን፣ እንጆሪ ገዝቶ "ቤት ይበስላል" ማለትስ? አይበስልም። ከተለቀመ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም፣ ለብርቱካን ኤቲሊን ቢሰጡት ልጣጩ ብቻ ነው ቢጫ የሚሆነው። አቮካዶ ግልባጩ ነው፣ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፣ ሲለቀም ነው የሚጀምረው፣ ግን ሳይደርስ ከተለቀመ ምንም ብታረጉት ይጨማደድና እንደ ጎማ ይሆናል፣ እሱ የእናንተ ጥፋት አይደለም የለቃሚው ነው።

ሁሉንም አንድ ቅርጫት ውስጥ ማጎርም አለ። ሰላጣና ጎመን የሙዙ ጋዝ ቶሎ ቢጫ ያረጋቸዋል፣ ካሮት ይመራል። አበባ ያለበት ቫዝ አጠገብም ፍራፍሬ አታስቀምጡ ቶሎ ይረግፋል።

የመጨረሻው የሚያስፈራኝ ነው፣ ካርባይድ በሚባል ኬሚካል ማብሰል። እርጥበት ሲነካው አሲቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ እሱ ኤቲሊንን ስለሚመስል ፍሬው ይሸወዳል፣ ችግሩ ለብየዳ የሚሸጠው ካርባይድ አርሴኒክና ፎስፈረስ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ሙዝ ነጋዴዎች በተዘጋ ክፍል ላምባ እያነደዱ የሚያበስሉትም በዚሁ መንገድ ነው፣ በደንብ ያልተቃጠለ ጭስ ውስጥ ኤቲሊን አለ። ኤቲሊን ተክል ላይ እንደሚሰራ የታወቀውም በሚነድ ጋዝ ምክንያት ነው፣ በ1901 በፈረንጆቹ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ የአተር ቡቃያ ላብራቶሪው ውስጥ እየተጣመመ ሲበቅልበት ምክንያቱን ፈልጎ ለመብራት ከሚነደው ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ሆኖ አገኘው። ቤታችሁ ግን ጭስ አትሞክሩ፣ ዘግታችሁ ያነደዳችሁት ላምባ ኤቲሊን ብቻ አይደለም የሚያወጣው፣ ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮ አለ፣ ለአንድ ኪሎ ሙዝ ሁለት ሶስት ቀን ጠብቁ በቃ።