በጣና ዳርና በጓሮ ወፍና ነፍሳትን ፎቶ ማንሳት

ወፍን የሚያስበረግገው ከምንም በላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ስለዚህ ወፏን ከመከተል ተመልሳ የምታርፍበትን ቦታ አይቶ ቀድሞ መቀመጥ ያዋጣል። ሰማያዊ ጀርባና ብርቱካንማ ሆድ ያላት ትንሿ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ውሃ ውስጥ ዘልቃ ከወጣች በኋላ ብዙ ጊዜ ወደዚያው የደንገል ዘንግ ትመለሳለች። አራት ክንፍ ያላቸው፣ ሰውነታቸው ቀጭንና ረዥም የሆነ፣ ውሃ ላይ የሚያንዣብቡት ነፍሳትም ልማዳቸው ይኸው ነው፤ ትንኝ አድነው ቀድሞ የነበሩበት እንጨት ላይ ያርፋሉ። ስትበር ማሳደዱን ይተዉና ዘንጉ ላይ ፎከስ አድርገው ይጠብቁ።

ምርጡ ሰዓት ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ወዲህ። እኩለ ቀን ላይ ከውሃውና ከመሬቱ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው የሩቅ ወፍ ፎቶ ይደበዝዛል። ይህ በሌንስ ውድነትም ሆነ በኋላ በሚደረግ እርማት አይስተካከልም፤ መፍትሔው መቅረብ ወይም ሰዓቱን መለወጥ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ጠዋት ወደ ውሃው ሲዞሩ ፀሐይዋ ከቀኝ ትመጣለች። ትንሽ ወደ ግራ፣ ወደ ምዕራብ ዞር ቢሉ ብርሃኑ የወፏን ፊት ያገኘዋል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ስደተኛ ወፎች ስለሚጨመሩ ረግረጉ ይደምቃል።

መቅረብ ካስፈለገ በቀጥታ አይሂዱ። ሰያፍ እየሄዱ፣ በየጥቂት እርምጃው እየቆሙ፣ ዝቅ ብለው ይጠጉ። ወፏ መልቀም አቁማ አንገቷን ካሰገገች ወይም ኩስ ከጣለች ልትነሣ ነው፤ ባሉበት ይቁሙ። መልሳ መልቀም ስትጀምር እንደገና ይጠጉ። ካሜራውን ከወፏ ዓይን ጋር እኩል ከፍታ ላይ ማድረግ ፎቶውን ከሁሉ በላይ ይለውጠዋል። ቆመው ወደ ታች ሲያነሡ ጀርባዋና ጭቃው ብቻ ይወጣል፤ ተንበርክከው ሲያነሡ ግን ከኋላዋ ያለው ነገር ሁሉ ይደበዝዝና ወፏ ጎልታ ትታያለች።

ለወፍ ቢያንስ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ይመከራል። ላረፈ ወፍ የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 1/500 ሰከንድ፣ ለሚበር ከ1/1600 በላይ ይሁን፤ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) በራሱ እንዲሠራ ትተው ጣሪያውን 3200 ላይ ይገድቡ። ተከታታይ ፎከስ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያጠራውን) ይጠቀሙ፣ ነጥቡንም ዓይኗ ላይ ያሳርፉ። ነጩ ሳቢሳ በጠዋት ፀሐይ ላባው ነጭ ወረቀት መስሎ የሚወጣው ካሜራው ጨለማውን ዳራ አይቶ ብርሃን ስለሚጨምር ነው፤ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ድምቀት የሚወስነውን +/− ማስተካከያ) ከ0.7 እስከ 1 ይቀንሱ። ሰማይ ላይ የሚበር ቁራ ግን ተቃራኒ ነው፣ 1 ይጨምሩለት። ታንኳ ላይ ከሆኑ የሹተር ፍጥነቱን እጥፍ አድርገው ክንድዎን ከታንኳው ጠርዝ ያላቁ፤ ንዝረቱ በክርን በኩል ወደ ካሜራው ይሄዳልና። በሞተር ጀልባ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ያንሡ።

የጓሮው ሥራ ሌላ ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ግራዋም ሲያብብ፣ ንብና ቢራቢሮ ራሳቸው ይመጣሉ። ነፍሳት ሰውነታቸው የሚሞቀው በፀሐይ ስለሆነ ደጋው ላይ፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ አካባቢ፣ ማለዳ ደንዝዘው ሣር ላይ ተጣብቀው ይገኛሉ። ጤዛው ሳይደርቅ መድረስ ነው። ፀሐይ ስትነካቸው ቢራቢሮዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ፤ ያኔ ካሜራው ከክንፉ ጋር ትይዩ ካልሆነ አንዱ ክንፍ ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። የሌንሱን ቀዳዳ ጠበብ አድርገው ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ይጠቀሙ። ጥላዎ ነፍሳቱ ላይ ከወደቀ ወዲያው ይበራሉ፤ ሲጠጉ ፀሐይን ከጎን ያድርጉ። ነፋስ ካለ ግንዱን በአንድ እጅ ከታች ይያዙና በሌላው ያንሡ።

ስልክ ለነፍሳት ይበቃል። በጣት እያጎሉ ማንሳት ግን ምስሉን ያበላሻል፤ በሙሉ ስፋት አንሥቶ በኋላ መቁረጥ ይሻላል። ለወፍ የስልኩን ሌንስ በባይኖኩላር አንዱ ዓይን ላይ ገጥመው መሞከር ይቻላል።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ማታና ንጋት ላይ ሣር ለመጋጥ ስለሚወጣ በእሱና በውሃው መካከል በፍጹም አይቁሙ። የጣና ዳር ውሃ ቢልሃርዚያም አለበት፤ ባዶ እግር አይግቡ፣ ቦት ጫማ ያድርጉ። የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ፣ ዘጌም ቢሆን፣ አስቀድመው አባቶችን ያስፈቅዱ።

ዝርያውን ለመለየት አንድ ውብ ፎቶ አይበቃም። ለወፍ ጎኗን፣ ምንቃሯንና እግሯን፣ ከተቻለም ስትነሣ የክንፏን የውስጥ በኩል ያንሡ። ለቢራቢሮ የክንፉ ላይኛውም ታችኛውም ገጽ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ በላይ ይመሳሰሉና በታች ይለያያሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይመዝግቡ። ጎጆ ላይ ያለች ወፍ ከተነሣች ግን ማንሳቱን ትተው ይራቁ፤ እንቁላሉ ሊበርድ፣ ቁራም አይቶ ሊወስደው ይችላልና።