የሚንቀጠቀጠው ረጅም መስመር እንዴት ቀና
ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የታንኳዎችን ጠርዝ በእርሳስ መንደፍ ስለማመድ፣ አጫጭሩ መስመር ቀጥ ሲልልኝ ረጅሙ ግን መሐል ላይ እየተንቀጠቀጠ ይጎብጥብኝ ነበር። ምክንያቱ የእጅ አንጓ ነው፤ አንጓ እንደ ክብ መሥሪያ ኮምፓስ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ስለሚዞር፣ ከጥቂት ሴንቲሜትር ያለፈውን መስመር ቅስት ያደርገዋል። መፍትሔው እንቅስቃሴውን ከትከሻ ማስጀመር ሆነ፦ ኤ4 ወረቀት ላይ ሁለት ነጥቦችን አራርቄ አስቀምጣለሁ፣ 2ቢ የተባለውን ለስላሳ እርሳስ ከጫፉ ራቅ አድርጌ እይዛለሁ፣ ወረቀቱን ሳልነካ እጄን በነጥቦቹ መካከል ደጋግሜ አመላልሳለሁ፤ ከዚያም ዓይኔን መድረሻው ነጥብ ላይ ተክዬ መስመሩን ሳላቋርጥ አሰምራለሁ። ከሁሉ በላይ የረዳኝ ይህ የዓይን አተካከል ነው። በልምምድ ወቅት ላጲስ አልጠቀምም፤ የተዛነፈው መስመር እዚያው ሲቆይ ቀጣዩ ወዴት መታረም እንዳለበት በግልጽ ያሳያልና።