ከለገሃር እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፦ በብስክሌት ወደ ባሕር ለሚወርድ ደገኛ

አዲስ አበባ ላይ ብስክሌት የለመደ ሰው ለዳገት እንግዳ አይደለም። ከተማዋ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከለገሃር ፒያሳ መውጣቱ ራሱ ልምምድ ነው። ጅቡቲ ወርዶ ከባሕሩ ጠርዝ ወደ አርታ፣ ከዚያም ወደ ጎዳ ተራሮች ለሚነዳ ደገኛ ከሁሉ የሚቀለው ዳገቱ ነው። ጉዞ የሚያበላሹት ሙቀት፣ ጨውና ረጅም ቁልቁለት ናቸው። ለሦስቱም የሚዘጋጁት እዚሁ መሀል ከተማ ነው፤ ስድስት ሳምንት ይበቃል።

ወቅቱ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ላዩ ላይ አቧራ የጫነ የበረሃ ነፋስ አለ። በዚያ ወቅት መሄድ ጉብዝና አይደለም፤ ይቅር።

መጀመሪያ የማርሹን ጥርስ ቁጠሩ። ሰው፣ ብስክሌትና ጓዝ ተደምሮ 100 ኪሎ ቢሆን፣ 8 በመቶ ዳገት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 140 ዋት ገደማ ይፈጃል። መጠነኛ ልምምድ ያለው ሰው ይህን ይችለዋል። ልዩነቱ ያለው እግር በሚዞርበት ፍጥነት ላይ ነው። የፊቱ ትንሹ 22፣ የኋላው ትልቁ 34 ጥርስ ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 1.36 ሜትር ይሄዳል፤ ይህም በደቂቃ 73 ዙር ማለት ነው። የፊቱ 32፣ የኋላው 28 ከሆነ ግን አንዱ ዙር 2.4 ሜትር ይወስዳል፤ እግር በደቂቃ 42 ጊዜ ብቻ እየዞረ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ኃይል ይገፋል። ጉልበት የሚያምመው በዚህ ነው። የኋላውን ጥርስ መቀየር ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ይረክሳል፤ ነገር ግን የማርሽ ቀያሪው ክንድ አጭር ከሆነ ትልቁን ጥርስ አይሸከምም፦ ወይ ይፋተጋል ወይ ሰንሰለቱ ይረግባል። መርካቶ ገዝታችሁ ከመመለሳችሁ በፊት እዚያው አስገጥማችሁ አዙሩት።

ሙከራው እንዲህ ነው። ባለ 5 ሊትር ሦስት ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ከኋላ ጫኑ፤ 15 ኪሎ ይሆናል። እሑድ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ውጡ። ጓዙ ወዲያ ወዲህ ከወዘወዛችሁ መጫኛው ላልቷል፤ ብሎኑን አጥብቃችሁ እንደገና ውጡ። በሦስተኛው ሳምንት ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ቀጥሉ። ውሃ ለልምምድ ከድንጋይና ከአሸዋ የሚሻለው እላይ ደርሳችሁ ፍሬኑ ካላስተማመናችሁ ደፍታችሁ ቀልላችሁ መውረድ ስለምትችሉ ነው።

ዋናው ትምህርት ያለው በመውረዱ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬኑን በስሱ ይዞ ይወርዳል፤ ስህተቱ ይኸው ነው። ያለ ፋታ የተያዘ ፍሬን አይበርድም። ቀጥ ባለው ቦታ ልቀቁት፤ ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ያዙና ልቀቁ፤ ኩርባው ውስጥ ገብታችሁ አትያዙ። ቸርኬውን የሚነክስ ጎማ ፍሬን ከሆነ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ከመነዳሪው ይሄዳል፦ ውስጡ ያለው አየር ግፊቱ ይጨምራል፣ የፓቹ ማስቲሽ ይለሰልሳል፣ አሮጌ ፓች ይላቀቃል። ግማሽ መንገድ ላይ ቁሙና ቸርኬው ላይ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። ጢስ ብሎ ከተነነ አሥር ደቂቃ አርፉ። (እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፈተናው ከባሕሩ ጠርዝ ይልቅ ቶሎ ያስጠነቅቃል፤ መጥፎ አይደለም።) የፍሬኑን ጎማ አውልቃችሁ እዩት፤ የተሰካ ጠጠር ወይም የብረት ብናኝ ካለ በመርፌ አውጡ፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ዲስክ ከሆነ የሚፋተገው ክፍል ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀይሩ፤ መለዋወጫ ሁለት ጥንድ ያዙ።

ጎማው ከ1.75 እስከ 2 ኢንች ስፋት ይኑረው። የጅቡቲ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይቆርጣል፤ የግራር እሾኽ ደግሞ ይወጋል። ከኋላ 50፣ ከፊት 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። እዚህ 50 ሞልታችሁ ባሕሩ ዳር ስትደርሱ ግን መለኪያው 46 ወይም 47 ያነብባል። የተነፈሰ እንዳይመስላችሁ፤ ከውጭ የሚጫነው አየር እዚያ ስለሚከብድ ነው። የቀረውን በእጅ መንፊያ ሙሉት። ከመነዳሪ ስትገዙ ቫልቩ እንደ መኪና ወፍራም የሆነውን ምረጡ፤ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላዋል። የከባድ መኪና ኮምፕረሰር ግን በአንድ እስትንፋስ ያፈነዳል፤ ጎሚስታውን «ትንሽ ትንሽ» በሉት፣ በየመሀሉ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ። ጎማው ጎኑ ከተቀደደ ከውስጥ የሚደረብ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ፣ መዳፍ የሚያህል፣ ጓዛችሁ ውስጥ ይኑር።

ጭነት የበዛበት ብስክሌት የሚሰበረው የኋላ ጎማው ሽቦ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ በሰንሰለቱ በኩል ያለው። የግራውና የቀኙ ሽቦ ርዝመት ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ልዩነቱ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም አይገጥምም። ስለዚህ ከሁለቱም በኩል አንዳንድ አስፈትታችሁ ናሙናውን ይዛችሁ ሂዱ። ከየዓይነቱ ሦስት ገዝታችሁ ከብስክሌቱ አካል ጋር በፕላስተር እሰሩት። የኋላውን ጥርስ መፍቻ መሣሪያ ካልያዛችሁ መለዋወጫው ጌጥ ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው ሽቦ ጥርሱ ሳይወልቅ አይገባም።

ሙቀትን አዲስ አበባ አታስተምርም፤ ግን ፍልውሃ አለ። በመጨረሻው ሳምንት ከልምምድ በኋላ በየቀኑ በሙቅ ውሃ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ ሰውነት ቶሎ ማላብ እንዲጀምር ያደርጋል። ከወር በፊት አድርጋችሁ ከተዋችሁት ጥቅሙ ይጠፋል። ካዞራችሁ ወዲያው ውጡ፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ይህን ይተወው። እዚያም ከደረሳችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት አጭር አጭር ንዱ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጥላ መያዝ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ እስኪጨልም ትንሽ መቀጠል ነው የአገሩ አነዳድ። አየሩም ከሸገር አየር ሩብ ያህል ይከብዳል፤ መተንፈስ ይቀልላችኋል፣ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ግን ባልለመዳችሁት ኃይል ይገፋችኋል።

ውሃ በቀን ለአንድ ሰው ከ8 እስከ 10 ሊትር አስቡ፤ በከተሞቹ መካከል ምንም የማይገኝበት ረጅም ቦታ አለ። ከባዱን ውሃ ታች፣ ከጎማው መሀል አጠገብ ስቀሉት። ባዶ ውሃ ብቻ እየጠጡ ማላብ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ በ1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። በሶና ቆሎ በሙቀት አይበላሹም፤ ስለ ምግብ ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

እስከ ጅቡቲ በባቡር ስትወርዱ ብስክሌቱ በካርቶን ቢሆን ይሻላል። መሪውን አዙሩ፣ የፊት ጎማውን ፍቱ፣ ፔዳሎቹን አውልቁ፦ የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒ፣ ወደ ቀኝ ነው፤ ይህን ረስቶ በኃይል የታገለ ሰው የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል። የድሮው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 ለገሃር የደረሰ ነበር፤ የአዲሱ መነሻ ግን ከመሀል ከተማ ወጥቶ ፉሪ ለቡ ስለሆነ እስከዚያ የሚያደርስ መኪና ቀድማችሁ ያዙ።

ከጅቡቲ ከተማ የሚወጣው ዋና መንገድ የእኛው ከባድ መኪኖች መንገድ ነው። መስታወት መሪው ላይ ግጠሙ። ተሳቢ ያለው መኪና ሲያልፍ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስባል፤ መሪውን ጠበቅ አድርጉ፣ ሁለት ከባድ መኪኖች እናንተ አጠገብ የሚተላለፉ ከሆነ ከአስፋልቱ ውጡ። መልካሙ ነገር ሾፌሮቹ አማርኛ መቻላቸው ነው፤ ስለ ውሃና ስለ ነፋስ ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። አርታ ከ700 ሜትር በላይ ስለሆነች ለመጀመሪያው ሌሊት ጥሩ ቅዝቃዜ አላት። ከዚያ ወደ ታጁራ የሚገነጠለው መንገድ ባሕረ ሰላጤውን ይዞራል፤ ወደ አሳል ሐይቅ የምትወርዱ ከሆነ ሐይቁ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ መሆኑን አትርሱ፦ የወረዳችሁትን ሁሉ በሙቀት ትወጡታላችሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ተመልሳችሁ መውጣት ጀምሩ። ከታጁራ በጎዳ ተራሮች ላይ ወዳለው ዳይ ደን የሚያወጣው መንገድ ሻካራና ቀጥ ያለ ነው፤ የማይጠቅመውን ጓዝ ታጁራ ተዉት። ላይ ላይ የሚቀበላችሁ ዛፍ የአገራችን ጽድ ነው።

ጨው ብረት ለማዛግ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። በየምሽቱ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠርጉ፣ አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ በቀስታ አፍስሱበት፣ አድርቁ፣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ጠብታ ዘይት ጣሉና ትርፉን ጥረጉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትጠቀሙ፤ አሸዋ ይዞ ጥርሱን ይሞርዳል። መቀመጫው የቆመበትን ቧንቧና ብሎኖቹን ከመነሳታችሁ በፊት ግራሶ ቀቧቸው፤ ካልሆነ ሲመለሱ አይፈቱም። አዲስ አበባ እንደገባችሁም ላቫጆ ወስዳችሁ በኃይለኛ ውሃ አታስመቱት፤ ጨውን ኩሽኔታው ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። ባልዲና ጨርቅ ይበቃል፤ ከዚያ ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ፦ 12 ሙሉ ማያያዣ 304.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ 306.3 ከደረሰ አዲስ ግዙ፤ ከ308 ካለፈ ጥርሶቹም አብረው አልቀዋል።